አባባ ደጅ የጠኑበት በር

ዳቦ ገዝቼ ስመለስ አባባ የሉም። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ አልጋው ተነጥፏል፤ ኮፍያቸውና ከዘራቸው ከተሰቀሉበት የሉም። መጀመሪያ አልደነገጥኩም። "ሽንት ቤት ይሆናሉ" ብዬ አንኳኳሁ። ዝም። "አባባ!" ብዬ ጮህኩ። ዝም። ከዚያ ነው ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ሥር ወዳለው መሳቢያ የሄደው። መሳቢያው ተከፍቷል፤ የወንድሜ ወረቀት ያለበት ቡናማው ፖስታ የለም።

ሰማይ ተደፋብኝ።

ወንድሜ እዚህ እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ከጠየቀ ስድስት ዓመቱ ነበር። አገር ቤት ታስሮ ነው የወጣው፤ መታሰሩን የሚያሳየው ደግሞ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ሲፈታ የሰጡት፣ ክብ ማኅተም ያለበት የመፈቻ ወረቀት። ፎቶውን በስልክ አስልከን አቅርበን ነበር፤ ኦሪጅናሉ ይታይ ተባለ። አባባ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ቪዛ አፕላይ አድርገው፣ ወረቀቱን ኮታቸው ገበር ውስጥ ሰፍተው የመጡት ለዚሁ ነው። ቀጠሮው ያን ዕለት ነበር፤ ክሮይደን ያለው የኢሚግሬሽን ቢሮ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል። ሎየሩ "ኦሪጅናሉን ካልያዛችሁ ኬዙ እዚያው አለቀ" ብሎናል። ካለቀ ደግሞ ወንድሜ የሚላከው ወደነዚያው ወዳሰሩት ሰዎች ነው።

ሰዓቱ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ስልኬ ጠራ። ወንድሜ ነው፤ ከሚኖርበት ከኬኒንግተን ሊነሳ ሲል። "እትዬ፣ ተነሳችሁ? ወረቀቱን እንዳትረሺ አደራ።"

"ይዘነዋል። እየወጣን ነው" አልኩት። ውሸቱ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ያ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ ድምፁ ይናገራል፤ እንዴት ብዬ "አባባና ወረቀትህ ጠፍተዋል" እለዋለሁ?

ወጥ ቤት ገባሁ። የሚጠቁመኝ ነገር ካለ ብዬ ጠረጴዛውን፣ ወንበሩን፣ በመጨረሻ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገለበጥኩ። ከድንች ልጣጭ ሥር የተጨማደደ ወረቀት አገኘሁ። የአባባ ጽሕፈት ነው፤ አንዱ ፊደል ከአንዱ የማይበልጥ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስለው ጽሕፈት። ቀለም ፈስሶበት ነው የጣሉት። ከላይ እንዲህ ይላል፦ "ለግርማዊ የታላቋ ብሪታንያ ንጉሥ። ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ።"

ወይ ጉድ! የቆሻሻ ቅርጫቱ አጠገብ ቁጭ አልኩ። የት እንደሄዱ ገባኝ። የላክኋቸውም እኔ መሆኔ አብሮ ገባኝ።

አባባ አርባ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እኛን ያሳደጉን በዚያ ነው። በእሳቸው ዘንድ ዓለም ሁለት ነገር ናት፤ በርና በሩ ላይ የቆመ ሰው። ጉዳይ ያለው ሰው ማመልከቻውን ያጽፋል፣ ሰነዱን በስፒል አያይዞ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ደጅ ይጠናል። ዛሬ ካልታየለት ነገ ይመጣል። "ወረቀት ከበታች ሰው እጅ ከገባ ከበታች ይቀራል" ይሉ ነበር ሁልጊዜ። ክሮይደን ሄደን ለአንዲት ቁጭ ላለች ሠራተኛ ሰጥተን እንመለሳለን ስላቸው ፊታቸው ጥቁር ብሎ ነበር። "ለጸሐፊ?" አሉኝ። "ያን ሁሉ አገር አቋርጬ ለጸሐፊ?" አላስረዳኋቸውም። ሺፍት ነበረብኝ፣ ደክሞኛል፣ "እዚህ እንደዚያ ነው የሚሠራው አባባ" ብዬ ዘጋሁት።

እኔ ደግሞ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። የለንደንን ትልልቅ በሮች የማውቃቸው በጎን መስታወት ነው። ማርብል አርች ማለት ለእኔ አራት መኪና በአንድ ጊዜ ሊገባብኝ የሚጋፋበት አደባባይ ነው፤ ሃይድ ፓርክ ኮርነር ያለው ትልቁ ቅስት ደግሞ ብስክሌተኛ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅበት ነው። ባለፈው እሑድ ግን ዕረፍት ነበርኩና አባባን ይዤ ወጣሁ። ከምኖርበት ከኪልበርን የራሴን መስመር አውቶቡስ ይዘን፣ እንደ ተሳፋሪ ቁጭ ብለን ሄድን። ማርብል አርች ወረድን።

አባባ ከበሩ ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት። ነጭ እብነ በረድ፣ ሦስት መግቢያ፣ መሃሉ ትልቅ፣ ግራና ቀኙ አነስ ያሉ። ከዚያ ዞር ብለው በኋላው አዩ። ከኋላው ሣርና መኪና ነው።

"ግቢውስ?" አሉኝ።

"ግቢ የለውም።"

"አጥሩስ?"

"አጥርም የለውም አባባ። በር ብቻ ነው።"

"ታዲያ ምኑን ነው የሚዘጋው?" አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የሆነ ነገር አዋቂ መስዬ መታየት አማረኝ፤ እንደ አስጎብኚ ጀመርኩ። ይህ በር መጀመሪያ የቤተ መንግሥቱ ደጃፍ እንደነበር፣ በኋላ ድንጋይ በድንጋይ ፈትተው እዚህ እንዳመጡት ነገርኳቸው። ያኛው፣ ከታች ሃይድ ፓርክ ኮርነር ያለው ቅስትም ከቦታው ተነስቶ ትንሽ እንደተገፋ። ሌላ አንድ ደግሞ መሃል ከተማ ያለ በር ከመቶ ዓመት በላይ ከከተማ ውጭ ዛፍ መሃል ከርሞ እንደተመለሰ። እነዚህ ሰዎች በሮቻቸውን እንደ ቁም ሳጥን ነው የሚያነሱት አልኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። የሰሙት ሌላ ነገር ነው።

"የንጉሡ በር ነበር ነው የምትይኝ?"

"አሁንም በመሃሉ የሚያልፉት የንጉሡ ቤተሰብና ፈረሰኞቻቸው ብቻ ናቸው ይባላል።"

ኮፍያቸውን አወለቁ። "ንጉሡ መቼ መቼ ያልፋል?"

"እዚህ እንኳ አይመጣም። ፈረሰኞቹ ግን በየጠዋቱ በታችኛው በር ያልፋሉ፤ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥቱ ነው።" ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ስንመለስ ታችኛውንም በር አሳየኋቸው፤ ወርደው ዙሪያውን ዞሩት፤ አናቱ ላይ ያሉትን የነሐስ ፈረሶች ቆጠሩ። አራት ናቸው አሉኝ። ሰኞና ማክሰኞ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ሲጽፉ ለእድር ጓደኞቻቸው ደብዳቤ የሚጽፉ መስሎኝ ሻይ አቀርብላቸው ነበር። እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ዘርግተው ይሸፍኑታል። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ!

ኪልበርን ሃይ ሮድ ላይ አውቶቡስ ያዝኩ። የሚነዳው የማውቀው ልጅ ነው፤ እጁን አነሳልኝ። ከጎኑ ቆሜ በሆዴ "ንዳው፣ ንዳው" እላለሁ። ሌላ ቀን ተሳፋሪ እንዲህ ጎኔ ቆሞ ሲያቁነጠንጥ በመስታወት አይቼው የምናደድ እኔው ነኝ። በየፌርማታው አሮጊት ትወጣለች፣ ጋሪ ይገባል፣ አንዱ ካርዱ አልሠራ ብሎት ቆሞ ይከራከራል። ማርብል አርች ስደርስ ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሆኗል።

በሩ ሥር የሉም። በአንደኛው መግቢያ ወጣሁ፣ በሌላኛው ገባሁ፣ መሬት ውስጥ ያለው መተላለፊያ ድረስ ወርጄ ፈለግኩ። የሉም። አንድ መንገድ የሚጠርግ ሰውዬ አስቆምኩ፤ ኮፍያ ያደረገ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ አይተሃል አልኩት።

"ጸሎት ያደርግ የነበረው?" አለኝ። ሽማግሌው መሃለኛው በር ፊት ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብለው፣ ብዙ ቆመው፣ በኋላ ወደ እሱ መጥተው በእጃቸው ልጓም እንደ መያዝ እያደረጉ እንዳሳዩት ነገረኝ። "ፈረስ ነው የፈለገው። ወደዚያ ላክሁት" ብሎ በእጁ ቁልቁል አሳየኝ።

ስልኬ ጠራ። ወንድሜ። "ደርሻለሁ። እናንተ የት ናችሁ?"

"ቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ ልንደርስ ነው።"

"አባባን አቅርቢልኝ እስቲ።"

"ሰው በዝቷል፤ አይሰማህም" ብዬ ዘጋሁበት። ሁለተኛ ውሸት።

ፓርክ ሌን በዚያ ሰዓት መኪና እንደማያላውስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አውቶቡሱን ተውኩትና በፓርኩ ውስጥ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ የምትሠራ ሴት ነኝ፤ ጉልበቴ አለቀሰ። የምሮጠው እያሰብኩ ነው። ፖሊስ ይዟቸው ቢሆንስ? መኪና ገጭቷቸው ቢሆንስ? ደግሞ ሰው ይፍረድብኝ፣ አንዳንዴ ከአባባ ይልቅ ወረቀቱ ነበር ትዝ የሚለኝ። አባባ ቢጠፉ ይገኛሉ፤ ያ ማኅተም ከጠፋ አይገኝም። እንደዚያ አስቤያለሁ።

ሃይድ ፓርክ ኮርነር ስደርስ የፈረሶቹ ኮቴ ድምፅ ቀድሞኝ ነበር። መብራቱ ቀይ ነው፤ በእኔና በቅስቱ መሃል መኪናው ይጎርፋል። ቱሪስቱ ስልኩን አንስቶ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ፈረሰኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ የራስ ቁራቸው እያብለጨለጨ፣ ጥቁር ፈረሶቻቸው አንገታቸውን እያወዛወዙ ወደ ቅስቱ ይመጣሉ። በቅስቱ አፍ ላይ ደግሞ አባባ።

ነጠላቸውን አደግድገዋል። እንዲህ አደግድገው ያየኋቸው ልጅ ሳለሁ፣ ዳኛ ፊት ሲቆሙ ብቻ ነው። ከዘራቸውን መሬት አስተኝተውታል፤ ኮፍያቸው ብብታቸው ሥር ነው። ፖስታውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"አባባ! እንዳይገቡ!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል!

ገቡ። ከቱሪስቱ መሃል ሁለት እርምጃ ወጥተው መንገዱ መሃል ቆሙ፤ ፖስታውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው በዚያ በሽማግሌ ድምፃቸው ተጣሩ። "አቤት! አቤት! ስለ ንጉሡ አምላክ! አቤት!"

የመጀመሪያው ፈረስ ደነገጠ። የፊት እግሮቹ ተነሱ። ጋላቢው ልጓሙን ሳበ፣ ሴቶች ጮሁ፣ አባባ አንድ እርምጃ እንኳ አላፈገፈጉም። ፖስታው ግን ከእጃቸው አመለጠ። ሲወድቅ አየሁት። የፈረሱ እግር ሲያርፍበትም አየሁት።

እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። መብራቱ ተቀይሮም ይሁን ሳይቀየር፣ ብቻ ደረስኩ። አንድ ፖሊስ የአባባን ክንድ ይዞ ወደ ዳር አውጥቷቸዋል፤ ፈረሰኞቹ ተሰልፈው አልፈዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ፖስታው ነው። ጭቃ ነክቶታል፤ ጀርባው ላይ የፈረስ ጫማ እንደ ግማሽ ጨረቃ ታትሞበታል። አነሳሁት። ለመክፈት ግን ወኔ አጣሁ።

ከዚያ አፌን ከፈትኩ። "አበዱ እንዴ?! ልጅዎን ሊገድሉት ነው? ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት የጠበቀውን ልጅ በፈረስ ያስረግጡታል? ይኼ አገርዎ አይደለም! እዚህ እንዲህ የሚያደርግ እብድ ብቻ ነው!" ሰው ሁሉ ያየናል። አባባ መሬት መሬት ያያሉ። በሕይወቴ አባቴን ተቆጥቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን አዋረድኳቸው።

ፖሊሱ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን ደቂቃ ይበላል። ሽማግሌው ማን ናቸው? የት ይኖራሉ? ፓስፖርታቸውስ? ምን ፈልገው ነው? ሁሉንም በትንሽ ደብተሩ ይጽፋል። ሰዓቴን አያለሁ፤ ለአምስት አሥር ጉዳይ። የሹፌርነት መታወቂያዬን አሳየሁት። "ለንጉሡ ማመልከቻ ሊሰጡ ነው" ስለው ብዕሩን አቆመ። አባባን አያቸው፣ እኔን አየኝ። "ለንጉሡ ከሆነ በፖስታ መላክ ይቻላል" አለ።

ምን አለ አሉኝ፤ ተረጎምኩላቸው።

"ፖስታ ደጅ አይጠናም" አሉ አባባ፤ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን።

ፖሊሱ ደብተሩን ሲዘጋ አምስት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። ታክሲ አስቆምኩ። ቪክቶሪያ ስንደርስ ባቡሩ በሩን ሊዘጋ ነበር፤ አባባን ከኋላ ገፍቼ አስገባኋቸው። ትይዩ ተቀመጥን። ፖስታውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከፈትኩት።

የመፈቻው ወረቀት ከታች በኩል ዳሩ ተቀዷል፤ መሃሉ ተጨማዷል። ማኅተሙ ግን ሙሉ ነው። ከወንድሜ ስም ላይ አንድ ፊደል አልጠፋም። ትንፋሼን ለቀቅኩ፤ ተመስገን አልኩ ጮክ ብዬ። ከላዩ ላይ በስፒል የተያያዘው የአባባ ማመልከቻ ነው። ለክሮይደን እንዲለይ ስፒሉን ነቀልኩና፣ አንድ ዓይኔን ሰዓቱ ላይ አድርጌ አነበብኩት።

"አመልካች አርባ ዓመት ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን የጻፍኩት ልጄ ይመለስልኝ፣ ባሌ ይመለስልኝ፣ ቦታዬ ይመለስልኝ የሚል ነው። ዛሬ ለራሴ ስጽፍ የምለምነው ተገላቢጦሹን ነው። ልጄ እንዳይመለስልኝ። ሚስቴ ሞታለች፤ ሴቷም ልጄ እዚሁ እርስዎ አገር ናት፤ ቤቴ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልጄ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ግርማዊነትዎ ግን የእኔን ደስታ እንዳይሰሙብኝ። አገር ቤት ለሽማግሌ የሚያዝን ልብ ብዙ ነው፤ እዚህም 'ሽማግሌ አባቱ ጋ ይሂድ' የሚል እንዳይኖር ብዬ ነው እኔው ራሴ የመጣሁት።"

ቀና ስል በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። "ኮፍያዎ ጭቃ ነክቶታል" አልኳቸውና በእጄ ጠረግኩላቸው።

ክሮይደን የደረስነው ከቀጠሮው ሦስት ደቂቃ አልፎ ነው። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። "የት ነበራችሁ?" ብሎ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ወረቀቱን እጁ ላይ አደረግኩለት። ዳሩን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ እኔን አየኝ። "ግባ! በኋላ!" አልኩት። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የቀጠሮ ደብዳቤውን አይቶ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ ራሱን ነቀነቀና አስገባው።

እኛ ውጭ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ለአባባ ወንበር አሳየኋቸው። "ደጅ ሲጠና አይቀመጥም" አሉኝ። ብርድ ነበር። ከዘራቸውን ሃይድ ፓርክ ረስተነው ስለመጣን ክንዴን ይዘው ቆሙ፤ እኔም አብሬ ቆምኩ። ወንድሜ ሲወጣ ወረቀቱን እንደተቀበሉት ነገረን። መልሱ በፖስታ ይመጣል ተባለ። አባባ ፖስታ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ጨፍገግ አለ።

መልሱ የመጣው አባባ ሊመለሱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው። ወንድሜ ደብዳቤውን ይዞ ኪልበርን እየሮጠ መጣ፤ ደረጃውን ሲወጣ ጀምሮ ይጮሃል። ተፈቀደለት። እኔ እልል አልኩ፤ የታችኛው ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታ። አባባ ግን ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡና "ከላይ ጀምረህ ተርጉምልኝ" አሉት። ተረጎመላቸው። ሁለተኛም አስነበቡት።

"እሺ። ወደ አገር ቤትስ?" አሉት።

ወንድሜ "አይቻልም አባባ። ወደዚያ ከሄድኩ ይሰርዙብኛል" አለ። "ለአጭር ጊዜም?" "ለአንድ ቀንም።"

"ደግ" አሉ። ጉልበታቸው ላይ ያለውን ነጠላ ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። "ስማኝ ልጄ። እኔ የሞትኩ ቀን ማንም ቢደውልልህ፣ እህትህም ተነስታ ብትሄድ፣ አንተ ንቅንቅ አትልም። ለቀብሬ አትመጣም። ሐዘኔን እዚሁ ትቀመጣለህ። ማልልኝ።"

ወንድሜ እኔን አየኝ።

ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ ማለላቸው።